ያልጠበቀ ምስማር

ጃሙና ወንዝ ጠግቦ አያውቅም፤ ዳር ዳሩን ይበላል፤
ዛሬ ጎመን በበቀለበት ነገ ጀልባ ይሄዳል።
ሰው ግን ይተክላል።

የኛ መስጊድ ቆርቆሮ ነው፣ ማገሩ የቀርከሃ፤
ሚናራ የለውም፤ ደጁ አሸዋና ውሃ።
ሰባት ጊዜ ነቅለን ሰባት ጊዜ አቁመነዋል፤
ቂብላው ብቻ አይነቀል፣ ሌላው ሁሉ ይጓዛል።

አናጺው ሞክሴድ ነው፤ እኔ ምስማር አቀባይ፤
እሱ አፉን በምስማር ሞልቶ ከመሰላሉ ላይ፣
በመሮ ይቀርጻል ቁጥር በየሳንቃው፦
አንድ ብሎ ከበሩ፣ አርባ ሦስት እስከ ማብቂያው።
ምስማር ሲመታ ግን እስከ አንገቱ ብቻ ነው፤
ራሱን ለጉጠት ብቅ አርጎ ነው የሚተወው።

አንድ ቀን ጠየቅኩት፦
«አጎቴ ሞክሴድ፣ ይሄ ጥርጥር አይደል?
ይነቀላል ብሎ የአላህን ቤት መትከል?»
አልመለሰልኝም፤ አፉ ምስማር ነበር፤
አንዱን መዞ መታው፣ ወንዙ ብቻ ሲናገር።

በሽራቦን ወር፣ ሰማይ ራሱን ባፈሰሰ ሌሊት፣
ዳሩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆረሰ ከመስጊዱ በስተፊት።
በፋኖስ ሮጥን። ጉጠቱ ምስማሩን እንደ ወተት ጥርስ ነቀለው፤
ያን ጊዜ ገባኝ፣ ግማሹ፤ ግማሹ ገና ነው።

ኮሂኑር ባሏን ወንዝ የወሰደባት፣
በዚያው ሳምንት ደግሞ ሩዟን ከነማሳው የዋጠባት፣
ቁርኣኑን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አስራ ከደረቷ፣
ከጉልበት በላይ ውሃ፣ አንድ ቃል ብቻ ከአንደበቷ፦
«አልሐምዱሊላህ።»
«በምኑ?» አልኳት ተናድጄ፣ ጥርሴ በብርድ ሲንገጫገጭ።
«የቀረኝን ልቁጠር፤ የሄደውን ወንዙ ይቁጠረው» አለች፤
ከዚያ አዳለጣት፣ ጭቃውን ሰደበች፣ ደግሞ ሳቀች።

ሲነጋ ቆጠርን። አርባ ሁለት።
የጠፋው ዐሥራ ሰባት፤
ከቂብላው በኩል ግድግዳ የሚጋደመው ሳንቃ።
ወንዙ ይዞት ሄደ፤ ከወንዝ ዕዳ አይጠየቅ፤ በቃ።

ስምንተኛውን ተከልን፤ በግድግዳው ሽንቁር ቀረ፤
ሱጁድ ስንወርድ ንፋሱ ጆሯችንን ይልስ ነበረ።
«ሌላ ሳንቃ አግባበት» ቢሉት፣ «ባለቤት አለው ቦታው»
ብሎ ላስቲክ ብቻ ወጠረ፤ ይርገበገባል ጠዋት ማታው።

ሰባት ወር አለፈ። ረመዳን ገባ።
ከታች፣ ወንዙን ሽቅብ፣ መጣች አንዲት ጀልባ።
ቀዛፊው ቶራብ ይባላል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዝፏል፤
ከንፈሩ በንፋስ ደርቆ፣ መዳፉ ተልጧል።
ከጀልባው ወለል አንስቶ፣ በከረጢት የተጠቀለለ፣
«ይሄ የናንተ ነው?» አለ።

ዐሥራ ሰባት።

በጎርፉ ጊዜ ነው። የሱም ጎጆ ወድቆ፣
ሚስቱ አራስ ነበረች፣ ደረቅ እንጨት ጠፍቶ አልቆ፣
ሳንቃው ሲንሳፈፍ መጣ፦ ቢነድ ሩዝ የሚያበስል፣
ቢጋደም ላራስ አልጋ፣ ቢቆም ከዶፍ የሚከልል።
ግን ቁጥር ነበረው፤
«ቁጥር ያለው» አለን፣ «የሚቆጥረው አለው።»
የማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከደሴት ወደ ደሴት፣
«ግድግዳው የተሸነቆረ መስጊድ አታውቁም?» እያለ በየቤት።
ምስማሩ ላላ፤ ወንዙ ነጠቀ፤
ሰውየው ጠበቀ።

ሞክሴድ ሳንቃውን ዳሰሰ። የዚያን ቀን አፉ ባዶ ነው፣
ቢሆንም አንድ ቃል እንኳ አልወጣው።
ቶራብም እንኳን ብር፣ ምስጋና ሲሰጡት አንገቱን ደፋ፤
ባፍጥር ሦስት ቴምር ቀምሶ፣ ሳይሰናበት ጠፋ።

አሁን ያ ሳንቃ ከፊት ነው፤ ከሌሎቹ ይገረጣል፤
ውሃው የተወበት መስመር እንደ ሽበት ይታያል።
እጄን ለዱዓ ሳነሳ ዓይኔ እዚያ ነው የሚያርፈው፣
የኔን ቁጥር ፍለጋ፣ የትኛው ጎኔ ላይ እንደጻፈው።

ትናንት ዳሩ ተሰነጠቀ። ሞክሴድ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
መሰላሉን የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከታች ይቆጥራል።
ምስማሩን እስከ አንገቱ መታሁ። ከሥሬ ያለ አንድ ልጅ
ሽቅብ አንጋጦ ጠየቀኝ፣ የድሮውን፣ የኔኑ።
አፌ ምስማር ነበር።